ፍልፈሉና ልቃቂቱ

አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ባነበብኩት ቁጥር ያስቆመኛል። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ ውስጥ ነው። አዋጁን በቃሉ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው፤ "ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ" የሚለውንማ የማይጠቅስ የለም። እኔን የሚይዘኝ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ የሚመጣው ነው። ንጉሡ ጠላት ባሕር አልፎ መምጣቱን ይናገራሉ፤ ያገራቸውን ሰው ማለቅና የከብቱን መድከም አይተው መታገሣቸውን ይናገራሉ፤ ቀጥለው ስለ ጠላት እንዲህ ይላሉ፦ "እያለፈ እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር።"

ፍልፈል! ማኅተማቸው ላይ አንበሳ ያለ ንጉሥ፣ አገር ሙሉ ሰው ለጦርነት ሲጠሩ አንበሳውን ትተው ከማሳ ውስጥ አፈር ጫሪ አነሡ። ለምን? ስለ አገር ፍቅር የተጻፈ አጭር ልብ ወለድ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይመለስብኛል፤ እዚያ ውስጥ የማገኘው ሁልጊዜ አንበሳውን ነውና። ጀግናው እንደ አንበሳ ያገሣል፣ እናት አገር ታለቅሳለች፣ ደም እንደ ጅረት ይፈስሳል፣ ታሪኩም ያልቃል። ጸሐፊው አገሩን እንደሚወድ አልጠራጠርም። ግን ፍቅሩ ወደ እኔ አልተሻገረም። መሸጋገሪያው ዘይቤ ነበር፤ ድልድዩ ደግሞ ተሰብሯል።

ገበሬው ምን ሰማ?

ፍልፈል ኑሮው ከመሬት በታች ነው፤ የሚበላው ሥር ነው። ገበሬው ራሱን ፍልፈሉን እምብዛም አያየውም። የሚያየው እዚህም እዚያም ብቅ ያለ የአፈር ቁልልና ዝናብ ሳይጠፋ የጠወለገ ቡቃያ ነው። ቡቃያውን ሳብ ሲያደርገው ያለምንም ትግል እጁ ላይ ይቀራል፤ ሥሩ የለም። ያን ጊዜ ነው ጠላቱ ከሰነበተ መቆየቱን የሚያውቀው።

አሁን ይህን ከዘመኑ ጋር እናስተያየው። ጣሊያን በ1877 ምጽዋ ገባ። በ1881 አሥመራን ያዘ። በ1887 መረብን ተሻገረ። በአንድ ሌሊት የደረሰ ጎርፍ አልነበረም፤ አንድ ቁልል፣ ቀጥሎ ሌላ ቁልል፣ እያንዳንዱም ካለፈው ይልቅ ወደ ማሳው መሐል የቀረበ። "እያለፈ" የምትለዋ ቃል ይህን ሁሉ ይዛለች። ንጉሡ ስለ ውልና ስለ ወሰን ለገበሬው ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። ገበሬው ፍልፈልን ያውቃል፤ ዝም ከተባለ ማሳው ምን እንደሚሆንም ያውቃል።

ከዚህም የጠለቀ ነገር አለ። ያ ሰው ከክፉ ቀን ገና የወጣ ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት በሽታው በሬውን ፈጅቶበት፣ ማረስ አቅቶት መሬቱን በዶማ ሲቆፍር የከረመ ሰው ነው። "ይቆፍር ጀመር" የሚለው ግስ ጆሮው ውስጥ ባዶ ቃል ሆኖ አይገባም። በስንት ላብ በእጄ የቆፈርኩትን መሬት ሌላ ከሥር ሊቆፍረው ነው እንዴ? ዘይቤው የሰማዩን መዳፍ ነካ። "እንደ ዘንዶ" ቢባል ኖሮ ያስፈራ ይሆናል፤ ግን ዘንዶ ማሳው ውስጥ ገብቶበት የሚያውቅ ማን ነው?

ለጸሐፊ የሚጠቅም አንድ የሰዋስው ነገርም እዚህ አለ። "እንደ ፍልፈል" የሚለው ንጽጽር የተሳሰረው ከስም ጋር ሳይሆን ከግስ ጋር ነው። ጠላት ፍልፈል ነው አልተባለም፤ እንደ ፍልፈል ቆፈረ ነው የተባለው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ንጽጽር ከስም ጋር ሲታሰር ሰውየውን ይፈርጃል፤ "እንደ አንበሳ ጀግና"፣ "እንደ ጅብ ሆዳም" ይልና እዚያው ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ከግስ ጋር ሲታሰር ግን ድርጊት ያሳያል። በአማርኛ ደግሞ ግሱ መጨረሻ ስለሚመጣ አንባቢው "እንደ ፍልፈል" ብሎ ለአፍታ ይጠብቃል፤ ምን አደረገ? መልሱ የሚመጣው ዐረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። ይህች ትንሽ መጠበቅ የቋንቋችን ስጦታ ናት፤ ተነጻጻሪ ዘይቤ የሚጽፍ ሰው ሊያባክናት አይገባም።

ሌላም ልብ ያልኩት አለ፤ በዚያ አዋጅ ውስጥ ዓይን የሚይዝ ንጽጽር ይኸው አንዱ ነው። የቀረው ግልጽ ንግግር ነው፤ እርዳኝ፣ አልተውህም፣ ትጣላኛለህ። አንዱ ዘይቤ የደመቀው ዙሪያው ባዶ ስለሆነ ነው።

ድምፁ ቀርቶ ሥዕሉ ሲጠፋ

"አባቶቻችን ደማቸውን አፍስሰው፣ አጥንታቸውን ከስክሰው" የሚለውን ሐረግ እንውሰድ። መከስከስ ከባድ ግስ ነው፤ ከገደል የወደቀ ነገር ይከሰከሳል። የመጀመሪያው ተናጋሪ አጥንት እየታየው ነበር የተናገረው። ዛሬ ግን በየበዓሉ፣ በየስብሰባው፣ በየዜናው ስለተደጋገመ ጆሮ ሐረጉን እንደ አንድ ቃል ይቀበለዋል። አጥንቱ አይታይም። "እናት አገር"ም እንዲሁ ነው። በደርግ ዘመን "አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት" በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግርጌ ይጻፍ ነበር። የደብዳቤ መዝጊያ የሆነ ተለዋጭ ዘይቤ እናትን እንዴት ያሳይ?

ይህ ማለት አርበኝነትን የሚገልጽ የሕዝብ ቃል ሁሉ ደክሟል ማለት አይደለም። እንዲያውም ቃል በቃል ወርሰነው ዛሬም የሚወጋን አለ። በ1860 ቴዎድሮስ ሲሞቱ የተባለውን ተመልከቱ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እዚህ ውስጥ አንበሳ የለም፤ ደምም የለም። ያለው ቦታ ነው፤ ያውም "አፋፉ ላይ" ተብሎ የተለየ። ቀጥሎ ድምፅ፣ ቀጥሎ ቁጥር። ግነቱ ያለው "አንድ" በምትለው ቃል ላይ ነው። አልቃሿ አንዱን ሰው ሺህ አላደረገችውም፤ ሺውን ወንድ ሁሉ ቀንሳ አንድ አስቀረች። ጸሐፊዎች ግነት ሲሉ መጨመር ብቻ ይመስላቸዋል። በመቀነስም ይጋነናል፤ እንዲያውም ሐዘን ላይ የሚያምረው ይኸኛው ነው።

ስለ ዐድዋ ከተባሉት ደግሞ ይህቺን አልጠግባትም፦

ምኒልክ ተወልዶ ባያነሣ ጋሻ፤
ግብሩ እንቁላል ነበር ይሄን ጊዜ አበሻ።

"ጋሻ" የጦርነቱ ሁሉ ወኪል ነው፤ ከፊሉ ለሙሉው ቆሟል። ይህ የተለመደ ነው። ያልተለመደው እንቁላሉ ነው። ገጣሚው ባርነትን ለመግለጽ ሰንሰለት፣ ቀንበር፣ ጅራፍ ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን የዶሮዋን ጎጆ ከፍቶ አሳየን። እኔ እንደማነበው የውርደቱ ልክ ያለው በእንቁላሉ ማነስ ውስጥ ነው፤ የባዕድ እጅ ጓዳ ድረስ ገብቶ ከዶሮዋ ሥር የሚለቅም ከሆነ ምን የቀረ ነገር አለ? ትንሽዋ ዕቃ ትልቁን ነገር ስትሸከም ነው ትእምርት የሚባለው።

ፉከራና ቀረርቶ ላይ ነገሩ ይለያል። "ገበየሁ ቢሞት ተተካ ባልቻ፤ መድፍ አገላባጭ ብቻ ለብቻ" ሲባል ግነቱ ግልጽ ነው። ሆኖም ግነቱን የሚሸከም አፍ አለ፣ የሚሰማ ጉባኤ አለ፣ ዜማ አለ። አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ተራኪው ራሱ ሲፎክር ይህ ሁሉ የለም። ተራኪ የፎከረበት ታሪክ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ሥራ ይፈታሉ፤ ጀግንነቱ አስቀድሞ ታውጇልና። ፉከራ ካስፈለገ ለአንድ ገጸ ባሕሪ አፍ ይሰጥ፤ ሌላው ገጸ ባሕሪ ደግሞ ሰምቶ ምን እንደሆነ ይታይ።

በስድ ንባብ ብዙ የማይዘልቀው እንቶኔ ነው፤ የማይሰማውን እንደሚሰማ አድርጎ ማናገር። "አገሬ ሆይ" ብሎ የጀመረ አንቀጽ ከታሪኩ ወጥቶ ግጥም ሊሆን ይዳዳዋል፤ ጊዜውም ይቆማል። ከተጠቀምንበትም ገጸ ባሕሪው የሚያናግረው ሩቁን አገር ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ቢሆን ይሻላል። ሰውኛም ጣጣ አለው። ተራራው ሲያለቅስ ሰዎቹ የሚያለቅሱት ያንሳል፤ ዕንባ በአንድ ገጽ ላይ ለሁሉም አይበቃም።

አንዲት ልቃቂት

ነገሩን በምሳሌ ላሳይ፤ ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ። ጊዜው 1929 ዓ.ም. ይሁን፣ ከየካቲት 12 እልቂት በኋላ። የውስጥ አርበኞች ከከተማ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ወደ ጫካ ያሾልኩ ነበር፤ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ሴቶች በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሣል። የእኛዋ ገጸ ባሕሪ ስም የሌላት ባልቴት ናት፤ ሥራዋ ፈትል መፍተል ነው። ጥይት በልቃቂት፣ በተጠቀለለ ፈትል፣ ውስጥ ደብቃ ኬላ ልታልፍ ነው። ኬላውን የሚጠብቀው ወታደር ባንዳ ነው፤ ለጣሊያን ያደረ ያገር ልጅ። የአንድ አጭር ልብ ወለድ የማዞሪያ ቅጽበት ይህ ነው እንበል።

መጀመሪያ በተለመደው መንገድ ልጻፈው፦

"ባልቴቷ ለእናት አገሯ ያላት ፍቅር በልቧ ውስጥ እንደ እሳተ ገሞራ እየተንቀለቀለ ወደ ኬላው ቀረበች። ወታደሩ እንደ ተራበ ጅብ አፈጠጠባት። እሷ ግን እንደ አንበሳ ልቧን አጽንታ፣ የአባቶቿን ደም አስታውሳ፣ በኩራት ተመለከተችው።"

ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ ስሜቱም ንጹሕ ነው። የተበላሸው ምንድን ነው? እሳተ ገሞራ የማን ቃል ነው? የባልቴቷ አይደለም፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። ዘይቤው ከአፏ ወይም ከዓይኗ ስላልወጣ እሷን አራቃት። ቀጥሎ ሦስት ዐረፍተ ነገር ውስጥ እሳት፣ ጅብና አንበሳ ተገናኙ፤ አንዱ ሥዕል ዓይን ላይ ሳያርፍ ሌላው ይገፋዋል። ከሁሉ የከፋው ግን መጨረሻው ነው። ጥይት ደብቃ የምታልፍ ሴት ጠላትን በኩራት አትመለከትም! በኩራት ካየችው ተያዘች። የአርበኝነት ዘይቤው ገጸ ባሕሪዋን አላዋቂ አደረጋት፤ ታሪኩን ራሱን ወጋው። በረቂቆች ላይ በብዛት የማየው ስሕተት ይህ ነው፤ ዘይቤው የሚጠይቀውና ታሪኩ የሚጠይቀው ሲጋጩ ጸሐፊው ለዘይቤው ይፈርዳል።

እንደገና ልጻፈው። ግን ከመጻፌ በፊት ዕቃውን ማወቅ አለብኝ። ጥጥ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያ አመልማሎ ይሆንና በእንዝርት ይፈተላል፤ የተፈተለው ተጠቅልሎ ልቃቂት ነው። ልቃቂት ቀላል ነው፤ ሕፃን ያነሣዋል። አንድ የጠመንጃ ጥይት 25 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ርዝመቱም ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንድ ልቃቂት 3 ጥይት ብከት 75 ግራም ጨመርኩ፤ እጅ ያውቀዋል ግን ይጠራጠራል። 20 ብከት ግማሽ ኪሎ ሆነ፤ ወታደሩ ገና ሲያነሣው ያበቃል፤ ታሪኩም ያበቃል። ስለዚህ 8 ልቃቂት፣ በእያንዳንዱ 3፣ ጠቅላላ 24 ጥይት። ይህ ስሌት ለዘይቤ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ሁሉን ነገር ያደርጋል። ልቃቂቱ የሚሸከመውን ትርጉም የሚሸከመው በእውነተኛ ክብደቱ ነው።

"ወታደሩ ከቅርጫቱ አንድ ልቃቂት አነሣ። እጁ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገው።
'ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ?'
'ፈትል ነዋ፣ ልጄ።'
'ከበደኝ እኮ።'
'ጤዛ ላይ አድሮ ነው። እርጥብ ጥጥ ይከብዳል።'
በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ጣቱ ገባ፣ ገባና ቆመ። ከኋላው ሌላው ወታደር ሲሳል ይሰማል። ልቃቂቱን ቅርጫቱ ውስጥ መልሶ አስቀመጠው፤ አልጣለውም፣ አስቀመጠው።
'ፀሐይ ያስመቱት፣ እማማ።'"

እዚህ ውስጥ አገር የሚል ቃል የለም። ጀግና የለም፣ ደም የለም። "እንደ" የሚል ቃል እንኳ የለም። ዘይቤው ግን ሁለት ቦታ እየሠራ ነው። አንደኛው ክብደቱ ነው። "ከበደኝ" ሲል ስለ ጥጥ ነው የሚናገረው፤ ጣቱ ከቆመ በኋላ ግን የከበደው ሌላ ነገር መሆኑን አንባቢው ያውቃል። ሁለተኛው "ልጄ" የምትለው ቃል ናት። ባልቴቷ ይህን የተናገረችው ለዘይቤ ብላ አይደለም፤ ለማንኛውም ጎረምሳ የምትለው ነው። ሆኖም "እናት አገር" ብለን በሺህ ደብዳቤ ግርጌ ያደከምነው ተለዋጭ ዘይቤ እዚህ ላይ ነፍስ ዘራ፤ እናት አለች፣ የከዳ ልጅ አለ፣ እናትየዋ አሁንም ልጄ ትለዋለች። ያረጀ ዘይቤን ለማደስ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ወደ ተነሣበት ወደ ሥጋና ደሙ፣ ወደ ተራው ንግግር መመለስ ይበቃል።

ወታደሩ ለምን መለሰው? አልተነገረም፤ ሊነገርም አይገባም። "በዚያች ቅጽበት የአገሩ ፍቅር ቀሰቀሰው" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢታከል ሁሉም ይፈርሳል። "አልጣለውም፣ አስቀመጠው" የሚለው ይበቃል።

ልቃቂቷ የታሪኩ ማገር ከሆነች አንዴ ብቅ ብላ መጥፋት የለባትም። በ2500 ቃል ታሪክ ውስጥ ሦስት ጊዜ ብትታይ ልክ ነው እላለሁ፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ትርጉሟ ፈቀቅ ይበል። መጀመሪያ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን፣ ቀላል፣ ከጉልበቷ ወርዳ የምትንከባለል። ቀጥሎ ኬላው ላይ፣ ከባድ። በመጨረሻ ጫካ ውስጥ፣ ስትተረተር። አንዴ ብቻ ከታየች ጌጥ ናት፤ አምስት ጊዜ ከታየች ደግሞ አንባቢው "ገብቶኛል" ይላል።

ሰሙ ውሸት የሆነ እንደሆነ

እንዲህ ያለው ዘመን ላይ የሚጻፍ ታሪክ ሰምና ወርቅ ይጋብዛል፤ ሰዎቹ ራሳቸው በድብቅ ቃል ሲነጋገሩ የኖሩ ናቸውና። ወታደሩ "ለማን ነው የሚወስዱት?" ቢላት ባልቴቷ እንዲህ ትል ይሆናል፦ "ለሸማኔው ነው። ድሩን ዘርግቶ ማግ አጥቶ ተቀምጧል።"

ወታደሩ የሰማው ሽመና ነው። አንባቢው የሚሰማው ሰዎቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ጥይት እንደጠበቁ ነው። ይህ የሚሠራው ሰሙ እውነት ስለሆነ ነው፤ ሸማኔ በእርግጥ ድሩን አስቀድሞ ይዘረጋል፣ ማግ ከሌለውም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ማጉም በመወርወሪያ ይወረወራል፤ መወርወር የምትለዋ ቃል ከሽመናም ከጦርነትም ቤት ናት። ሸማኔ ይህን ቢያነብ ሊያርመው የሚችለው ነገር መኖር የለበትም። ሰሙ ከተሰበረ ወርቁን የሚይዘው የለም። "ለነፃነት ሸማኔው" ብትል ግን ወታደሩም አንባቢውም በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፤ ሴትዮዋ ትታሰራለች፣ ታሪኩም ይሞታል።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለው ተረት እዚህ ጋ አፍ ላይ ይመጣል። ጥጥ አለ፣ ድር አለ፣ አንበሳም አለ፤ ለመዝጊያ የተሠራ ይመስላል። አይጻፍ። አንባቢው ተረቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ድር ሲያይ እሱ ራሱ ያስታውሰዋል። ራሱ ያስታወሰው ተረት የእሱ ነው፤ እኛ የጻፍንለት ግን ስብከት ይሆንበታል።

ተረት ካስፈለገ ለወታደሩ ይሰጠው። ባንዳ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ከአገሬው የተመለመለ ጭፍራ ማለት ነበር፤ በእኛ አፍ ላይ ግን ከሃዲ ሆኖ ቀረ። ታሪክ ጸሐፊ ቃሉን እንደ ፍርድ ሊጠቀምበት ይችላል። አጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ሰውየው ራሱን ምን ብሎ እንደሚያሳምን ማወቅ አለበት። "ያባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ" የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን። ወታደሩ ታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ይህን ተረት ለባልንጀራው ሲናገር ከተሰማ፣ በኋላ አውራ ጣቱ ሲቆም ያባቱ ቤት ትዝ ይለናል፤ "ቤት" የምትለዋ ቃል ከሩቅ ሆና ትመለሳለች። አርበኝነትን የሚገልጸው ዘይቤ ከሃዲው አፍ ውስጥ መነሻውን አገኘ ማለት ነው። ጅብ ብለን ብንጀምር ኖሮ ይህ በር ዝግ ነበር፤ ጅብ ልቃቂት አይመልስም።

ረቂቅ ሳርም የማደርገው ቀላል ነው። እያንዳንዱን ዘይቤ በቀይ አሰምርና ኅዳጉ ላይ የማን ዓይን ወይም አፍ እንደሆነ እጽፋለሁ። ባለቤት ያጣው ይወጣል። በአንድ ገጽ ከሁለት በላይ ቀይ መስመር ካለ ደካማውን እሰርዛለሁ፤ ተመሳሳይ ጥንካሬ ካላቸው ደግሞ ቀድሞ የመጣውን፤ የኋለኛው ወደ ድርጊቱ የቀረበ ይሆናልና። ቀጥዬ አገር፣ ነፃነት፣ ጀግና፣ ደም፣ አጥንት የሚሉትን ቃላት ሁሉ አውጥቼ አነበዋለሁ። ታሪኩ ያለ እነሱ ከቆመ፣ አንዷን በቦታዋ እመልሳለሁ፤ ምናልባት ቃሏ ራቁቷን በምትጠራበት በአንድ ገጸ ባሕሪ አፍ። ካልቆመ ግን ጉድለቱ ከቃላት ምርጫ ያለፈ ነው፤ ድርጊቱ ገና አልተጻፈም። በመጨረሻ ድምፅ አውጥቼ አነባለሁ። ዓይን ያለፈውን የተጋጨ ሥዕል ጆሮ ይይዘዋል። "የነፃነትን ችቦ ከደማቸው ምንጭ ቀድተው አቀጣጠሉ" የሚል ነገር በዓይን ሲታይ ያምራል፤ ጮክ ብላችሁ ስታነቡት ግን ችቦ ከምንጭ ሲቀዳ ይሰማችኋል።

ስለ ሰንደቅ ዓላማ የሚጽፉም ይህቺን ቢያስቡ ደስ ይለኛል፤ ሰንደቅ ዘንጉ ነው፣ ዓላማው ጨርቁ። ታሪኩ ውስጥ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። ዘንጉ ተሰብሮ ማገዶ ሲሆን ጨርቁ ሳጥን ሥር ሊተርፍ ይችላል፤ ዓላማ የሚለው ቃል ደግሞ ግብ ማለትም ስለሆነ ጸሐፊው ምንም ሳይናገር ቋንቋው ይናገርለታል።

የባልቴቷ ታሪክ መጨረሻ ጫካ ውስጥ ነው። አርበኞቹ ልቃቂቶቹን ይተረትራሉ፤ 24ቱ ጥይት ቆዳ ላይ ይደረደራል። አለቃቸው ተነሥቶ ሊያመሰግናት አፉን ይከፍታል። ጸሐፊው እጁ የሚያሳክከው እዚህ ላይ ነው፤ ትልቁን ንግግር ሊያስገባ። ባልቴቷ ግን አለቃውን አታየውም። ዓይኗ መሬት ላይ ተጎልጉሎ የወደቀው ፈትል ላይ ነው። ጎንበስ ብላ ጫፉን ትፈልጋለች፤ ታገኘዋለች፤ በጣቷ ላይ መጠቅለል ትጀምራለች።

"ፈትሌን አትርገጡብኝ" ትላለች። "ሳምንትም መምጣቴ ነው።"